«ከ» እና «ዛን»፦ በጎግ ክፍሎች የእንግሊዝኛ ማነጻጸሪያ ከየት ይጀምር?

የእንግሊዝኛ ሰዋስው መማሪያ መጻሕፍት የቅጽሎችንና የተውሳከ ግሦችን ማነጻጸሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት በባለ ሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ ነው፤ «ቢግ፣ ቢገር፣ ቢገስት»፣ «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት»። መምህሩ ሠንጠረዡን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ በፈተናም ክፍት ቦታውን በትክክል ይሞላል። ያው ተማሪ የራሱን ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ሲጠየቅ ግን «ሂ ኢዝ ቶል ፍሮም ሚ» ይላል። በጎግ ወረዳ ሳስተምር ይህን መሰል ዐረፍተ ነገር በቀይ እስክርቢቶ ደጋግሜ ሰርዣለሁ። አሁን የሚቆጨኝ፣ ከየት እንደመጣ አንድም ጊዜ ሳልጠይቅ መሰረዜ ነው።

ዐረፍተ ነገሩ የራሱ ሥርዓት አለው። በአማርኛ «እሱ ከእኔ ይረዝማል» ስንል የንጽጽሩን ትርጉም የሚሸከመው መነሻን አመልካቹ «ከ» ነው፤ «ረዥም» የሚለው ቅጽልም ለንጽጽር ብሎ ቅርጹን አይለውጥም። ግእዝም «ይኄይስ» ካለ በኋላ በ«እም» ያነጻጽራል። ሊዮን ስታሰን ለዓለም የቋንቋዎች መዋቅር አትላስ ካጠናቸው 167 ቋንቋዎች መካከል 78ቱ የሚነጻጸርበትን ነገር እንዲህ በቦታ አመልካች ሲገልጹ፣ እንደ እንግሊዝኛው «ዛን» ያለ ልዩ ቃል የሚጠቀሙት 22 ብቻ ናቸው። ስለዚህ በ«ፍሮም» የሚያነጻጽር ልጅ የብዙኃኑን መንገድ ይዟል፤ እንግዳው እንግሊዝኛ ነው። (ያም «ዛን» ቢሆን በታሪኩ ከ«ዜን» ጋር አንድ ቃል ስለነበረ፣ ሁለቱን በፊደል የሚያምታታ ተማሪ ከቋንቋው ባለቤቶች ብዙ የራቀ አይደለም።)

በጎግ ነገሩ ከዚህም ይወሳሰባል። አብዛኛው ተማሪ አፉን የፈታው በአኝዋ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን በትምህርት ቤትና በገበያ ያገኘዋል፤ እንግሊዝኛ ሦስተኛው ነው። ከሌላ አካባቢ የሄድን መምህራን ሰዋስውን በአማርኛ ስናብራራ፣ የተማሪውን ሁለተኛ ቋንቋ እንደ መጀመሪያው ቆጥረን ነው። የአኝዋ ቋንቋ ከናይሎቲክ ቤተሰብ የሉኦ ቅርንጫፍ የሚመደብ ነው። የቅርብ ዘመዱ በሆነው በኬንያው ሉኦ ንጽጽር የሚገለጸው «ሞሎዮ» በሚለው ቃል ሲሆን፣ ምንጩ ማሸነፍንና መብለጥን የሚያመለክተው ግሥ ነው። አንዱ ሌላውን በቁመት «ያሸንፈዋል» እንደ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ አስተሳሰብ ያደገ ልጅ «ከ»ን ባስረዳነው ቁጥር ሁለት ጊዜ ይተረጉማል።

አማርኛ ግን ለዚህም መሸጋገሪያ አለው። «በቁመት ይበልጠኛል» የምንለው ዐረፍተ ነገር ንጽጽሩን በግሥ ይገልጻል። መምህሩ ከ«ከእኔ ይረዝማል» ይልቅ በዚህኛው ቢጀምር፣ ቀጥሎም ተማሪዎቹን «በቤታችሁ ይህን እንዴት ትላላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው መልስ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የተሻለ መነሻ ይሆነዋል። ቋንቋውን የማያውቅ መምህር ይህን ማድረግ አይችልም የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ። መልሱን የሚሰጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ከመምህሩ የሚጠበቀው ሦስቱን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ጽፎ የትኛው ቃል ምን እንደሚሠራ አብሮ መፈለግ ነው። ምሳሌው ደጃፍ ላይ ሞልቷል፤ ባሮና ጊሎ አሉ፣ የጋምቤላ ሙቀትና የጎሬ ብርድ አለ።

የበላይ ደረጃው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። «ትልቁ ወንዝ» ስንል የምናውቀውን ትልቅ ወንዝ፣ ከሁለት አንዱን ወይም ከሁሉ የሚበልጠውን ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱንም የሚለየው አውዱ ነው። በሒሳብ «ትልቁ የጋራ አካፋይ»ና «ትንሹ የጋራ ብዜት» የምንለው በዚሁ ልማድ ነው። በአማርኛ ሲብራራለት የቆየ ተማሪ «ዘ ቢግ ሪቨር» ጽፎ «ከሁሉ ትልቁ ወንዝ» ያለ ይመስለዋል። «ዘ»ን በትክክል ተርጉሟል፤ «ኤስት» ለምን እንደሚያስፈልግ ግን የነገረው የለም።

«ሞር ቤተር»ም እንዲሁ ነው። «የበለጠ የተሻለ» በአማርኛ በየዕለቱ የሚነገር ስለሆነ ድርብ ማነጻጸሪያው ለተማሪው ጆሮ አይጎረብጥም። እንግሊዝኛም ራሱ ዘግይቶ የከለከለው ነገር ነው፤ ሼክስፒር በጁሊየስ ቄሳር ተውኔቱ የማርክ አንቶኒን ንግግር ሲጽፍ «ሞስት»ን ከ«ኤስት» ጋር አጣምሯል። ሮበርት ሎውዝ እንዲህ ያለውን አነጋገር ያወገዘው በ1762 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፉ ነው። ይህን የምጠቅሰው «ሞር ቤተር» ይለፍ ለማለት አይደለም፤ በዛሬው መደበኛ ጽሑፍ ስሕተት ነውና ይታረም። ነገር ግን «ክሌቨረር»ና «ሞር ክሌቨር»፣ «ሲምፕለር»ና «ሞር ሲምፕል» ሁለቱም በሚሠሩበት ቋንቋ፣ በአንዱ ብቻ ነጥብ የሚሰጥ ፈተና ተማሪውን በሌለ ሕግ ይቀጣዋል። ተውሳከ ግሥ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ «ፋስተር»፣ «ሃርደር» እና «ኧርሊየር» እንደ አጭር ቅጽል፣ «ሞር ክዊክሊ» እንደ ረዥሙ መሄዳቸውን ያወቀ ተማሪ ዋናውን ይዟል።

ጉዳዩ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢወሰን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ስለዚህ የጎግ ተማሪ ማነጻጸሪያን በፊዚክስ፣ በባዮሎጂ፣ ከሁሉም በላይ በሒሳብ ይገናኘዋል። «አት ሊስት 5» የሚል ጥያቄ ሲቀርብለት «ሊስት» ማነስን ስለሚያስታውሰው «ከ5 ያነሰ ወይም እኩል» የሚለውን ምልክት ያኖራል፤ ትክክለኛው ተቃራኒው ነው። የሒሳብ መምህሩ ልጁ የማይበላለጦችን ትምህርት አልገባውም ብሎ ይደመድማል። አማርኛው «ቢያንስ 5»ም «አነሰ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ ሳለ ከ5 በታች ማለት አለመሆኑን፣ «ቢበዛ»ም የ«አት ሞስት» አቻ መሆኑን ልጁ ከገበያ ያውቃል። ሻጩ «ቢያንስ 50 ብር» ሲለው 40 ይዞ እንደማይበቃው ለመረዳት ሰዋስው አላስፈለገውም። የሒሳቡና የእንግሊዝኛው መምህር ግን ስለዚህ አንድ ቃል አብረው የሚነጋገሩበት ክፍለ ጊዜ በመርሐ ግብሩ ውስጥ አላየሁም።