በጭስ የሚነፋው ክሪክ ለማን ያዋጣል?

አዲስ ዕቃ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ዕቃው መሥራቱን ይጠይቃል። ለማን እንደሚሠራ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ ይቀራል። ጭቃና አሸዋ የያዘውን መኪና የሚያነሣው የሚነፋ ክሪክ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ሊነሣበት የሚገባ ዕቃ ነው።

ዕቃው ከጠንካራ ሸራና ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት ነው። ባዶውን ከመኪናው ሥር ይገባል፤ በቱቦ ከማርሚታው ጋር ይያያዛል፤ ሞተሩ ሲነሣ በጭሱ ተነፍቶ መኪናውን ከፍ ያደርጋል። የብረት ክሪክ ጭቃ ላይ ሲቆም ራሱ ይሰምጣል። ከረጢቱ ግን ክብደቱን በሰፊ ቦታ ስለሚያሳርፍ ይቆማል፤ ሾፌሩም በዚህ ፋታ ከጎማው ሥር ድንጋይና ሳንቃ ይደለድላል። ክረምትን በጥቁር መረሬ ላይ ለሚያሳልፍ፣ በአፋርና በኦጋዴን አሸዋ ለሚመላለስ መኪና ጥቅሙ አያጠያይቅም።

ጥያቄው ሒሳቡ ላይ ነው። የጭስ ግፊት ትንሽ ነው፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከስፋት ነው። ከላይ በኩል ከዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ከረጢት ወደ 2,800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.7 ኪሎ ግራም ቢገፋ 1,960 ኪሎ ግራም ያነሣል። ከ2 ቶን በላይ የሚመዝነውን ላንድ ክሩዘር በአንድ ጎኑ ለማንሣት ይህ በቂ ነው። ጭነት የጫነ አይሱዙ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ ከረጢቱ እየተነፋ በሄደ ቁጥር እየከበበ ከመኪናው ጋር የሚገናኝበት ስፋት ይጠባል፤ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «4 ቶን» ተብሎ ቢጻፍ፣ በስንት ግፊትና በምን ያህል ከፍታ እንደሆነ ከፋብሪካው በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ገበያውንም እንመልከት። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከመጀመሪያው የምንረዳው አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪኖች እየተጠገኑ ለረጅም ጊዜ እንደሚቆዩ ነው። የብዙዎቹ ማርሚታ ግን የተበሳ ወይም የተበየደ ነው፤ ጭሱ በቀዳዳው ከወጣ ከረጢቱ አይነፋም። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ከነአካቴው ማርሚታ የለውም። እንግዲህ በጭስ ብቻ የሚነፋ ዕቃ ከማዘዝ በኮምፕሬሰርም የሚነፋውን መምረጥ ይሻላል። ከሁለተኛው የምንረዳው የአስመጪ ስሕተት ዋጋው ከቀድሞው መክበዱን ነው።

ገዢው ማን ነው? የአዲስ አበባ የቤት መኪና ባለቤት አይደለም። አስጎብኚ ድርጅት፣ የዕርዳታ ድርጅትና መንገድ ሠሪ ተቋራጭ ናቸው። እነዚህ የሚገዙት በጨረታና በፕሮፎርማ እንጂ ሶማሌ ተራ ዞረው አይደለም። መደርደሪያ ሞልቶ ደላላ መጠበቅ አያዋጣም። ብረት ቢከርም ብረት ነው፤ ፕላስቲክ ግን በፀሐይና በሙቀት ይሰነጠቃል። ጥቂት አስመጥቶ፣ ጭቃ ላይ አሳይቶ፣ ትዕዛዝ ተቀብሎ ማምጣት ይበልጣል። መጣበቂያውና መለዋወጫ ቱቦው አብሮ ካልመጣ አንድ ቀዳዳ ዕቃውን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል።

ከትርፍ በላይ የሆነ ነገርም አለ። ከረጢቱ ስል ብረት ወይም የጋለ ማርሚታ ከነካው በቅጽበት ሊተነፍስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከመኪናው ሥር የተኛ ረዳት ካለ የሚከተለው ግልጽ ነው። የጭሱም መርዝነት የታወቀ ነው። መመሪያው በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ብቻ ታትሞ ከመጣ ሾፌሩ ዘንድ አይደርስም። «ከሥር አትግባ» የሚል አንድ መስመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ከረጢቱ ላይ ማሳተም ወጪው ኢምንት ነው። ይህን ወጪ የሚሰስት አስመጪ ዕቃውን ባያመጣው ይመረጣል።