ጩኸት ሁሉ ዘፋኝነት ነው?



ከወልድያም ከመርሳም ወጣቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ፦ “ፓስተር፣ ሮክ መስማት ኃጢአት ነው?” አብዛኞቹ መልሱን ገምተው ስለሚመጡ ውይይቱ ብዙ አይራመድም። በቅርቡ ከሀብሩ ወረዳ አንድ ወንድማችን ግን ከዚህ የተሻለ ነገር አደረገ። የሚወዳቸውን የሮክና የሄቪ ሜታል አልበሞች በደረጃ ጻፈ፤ በእያንዳንዱም ሥር ለምን እንደሚወደው ሁለት ሦስት መስመር አከለ፤ ሙዚቃውን በፍላሽ ጭኖ ከወረቀቱ ጋር ላከልን። “ሰምተው ይፍረዱ” ይላል። ሰማነው። ሳይሰሙ መመለስ በመጽሐፍም የተነቀፈ ነውና (ምሳሌ 18፥13)፣ ከሰማን በኋላ የምናስበውን እነሆ።

በእኛ ዘንድ ይህ ውይይት ገና ሳይጀመር የሚዘጋው በአንድ ቃል ነው። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ገላትያ 5፥21 ላይ ከሥጋ ሥራዎች መካከል “ዘፋኝነት” ተዘርዝሯል። ለብዙዎቻችን ይህ ቃል ሬዲዮ ከመክፈት ጀምሮ በሠርግ ላይ ትከሻ እስከ መነቅነቅ ያለውን ሁሉ ይጠቀልላል። ጳውሎስ የጻፈው የግሪክ ቃል “ኮሞስ” ነው። ሰዎች ጠጥተው፣ ችቦ ይዘው፣ ሌሊት በየመንገዱ እየጮኹ የሚዞሩበትን ፈንጠዝያ ያመለክታል፤ ከወይን አምላክ ከዲዮኒሶስ አምልኮ ጋርም ይያያዝ ነበር። ከስካር ቀጥሎ የተጻፈው ስለዚህ ነው። በሮሜ 13፥13ም ያው ቃል የሚገኘው ከስካርና ከዝሙት ጎን ነው። ተርጓሚዎቹ የቀረባቸውን የአማርኛ ቃል መርጠዋል፤ አንነቅፋቸውም። ሐዋርያው የከለከለው ግን ያንን ኑሮ ነው፤ ዜማን ወይም የጊታር ክርን አይደለም። ይህን ስንል በሩን ብርግድ አድርገን መክፈታችን አይደለም። ኮሞስ ዛሬም አለ፤ በየከተማው ቅዳሜ ሌሊት ይዞራል። አጃቢው ኤሌክትሪክ ጊታር ቢሆን ማሲንቆ ቢሆን ኮሞስነቱ አይቀየርም።

“የፈረንጅ ጩኸት ነው” የሚለው ሁለተኛው ክርክርም ወሎ ላይ ብዙ አያስኬድም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በዚሁ በወሎ ቦታዎች ስም የሚጠሩ ናቸው፤ አምባሰል ለሀብሩ ሰው ጎረቤት ነው። ቅኝቶቻችን በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ናቸው። የሮክ ጊታሪስቶችም ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የወረሱት፣ ብዙውን የጊታር ብቸኛ ጨዋታቸውን የሚሠሩበት መሰላል ባለ አምስት ድምፅ ነው። የመርሳ ልጅ ጆሮ ሮክን ሲሰማ ሙሉ በሙሉ እንግዳ ቤት አይገባም። ደግሞም ከሮክ እናቶች አንዷ የምትባለው ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ያደገች ዘማሪ ነበረች፤ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤሌክትሪክ ጊታር አንግታ ስለ ጌታ ትዘምር ነበር። ይህ ሙዚቃ የተወለደው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ብዙም ሳይርቅ ነው።

ወንድማችን በአንደኛ ደረጃ ያስቀመጠው የጃኖ ባንድን “ኤርታሌ” ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩስ ያደረገው አልበም ነው። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ከፊት ሆነው ይዘፍናሉ፤ ከኋላ ጊታሩ ይጮኻል። “ሀገራችን ሮክ መጫወት እንደምትችል ያሳየኝ እሱ ነው” ብሏል ወንድማችን። እንስማማለን። ጊታሩ ቅኝቱን እንደ ጌጥ ሳይለጥፍ ተሸክሞት ይሄዳል። በእኛ ጆሮ ግን አልፎ አልፎ ድምፁ ስለሚበዛ ግጥሙ ይሰወራል፤ ግጥሙን ለመስማት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ነበረብን። አንደኛ አናደርገውም፤ ከፍላሹም አናወጣውም።

ሁለተኛው የብላክ ሳባዝ “ፓራኖይድ” ነው፤ እ.ኤ.አ. 1970። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በበርሚንግሃም የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ17 ዓመቱ የቆርቆሮ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ክሩን መጫን ስላመመው ክሮቹን አላላቸው። ዛሬ ሄቪ ሜታል የምንለው ያ ወፍራምና ጥቁር ድምፅ የመጣው በከፊል ከዚህ ነው፤ ከአንድ የላብ አደር ልጅ ቁስል። ባንዱ ስሙን የወሰደው ከአስፈሪ ፊልም ስለሆነና መስቀልና ጨለማ ስለሚያበዛ ብዙ ሰባኪዎች ሰይጣን አምላኪ ብለውታል። የግጥሙ ጸሐፊ ጊዘር በትለር ግን በካቶሊክ ቤት ያደገ ሲሆን፣ በ1971 በወጣው “ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ” አልበም ውስጥ በእግዚአብሔር የሚያፌዙትን የሚሞግት ዘፈን አለው። ይህን የሚያውቅ ሰባኪ እስካሁን አላጋጠመንም።

“ፓራኖይድ” የሚከፈተው “ዋር ፒግስ” በተባለው ዘፈን ነው። ዘመኑ የቬትናም ጦርነት ነው። ጦርነቱን የሚያውጁት ትልልቆች ከኋላ ተቀምጠው የድሃውን ልጅ ወደ እሳት እንደሚልኩ ይናገራል። ወንድማችን በዚህ ሥር የጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ “ነሐሴ 2013 ትዝ ይለኛል።” ለማያውቁ አንባቢዎች፣ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያም መርሳም በህወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ። መብራት፣ ስልክ፣ ባንክ አልነበረም። የሞተውን በወጉ መቅበር፣ ለራቀ ዘመድ መርዶ ማድረስ እንኳ የማይቻልበት ጊዜ ነበር። ከዚያም በኋላ የተኩስ ድምፅ ከክልላችን አልራቀም። ይህን ያለፈ ልጅ የሚጮህ ጊታር ቢወድ ምን ይገርማል?

ዘፈኑ የሚያበቃው በፍርድ ቀን ነው፤ ጦረኞቹ ተንበርክከው ምሕረት ሲለምኑ፣ ሰይጣንም ሲስቅባቸው። አሞጽን ወይም ራእይ 6ን ላነበበ ሰው የፍርዱ ነገር አዲስ አይደለም፤ እግዚአብሔር የደም ዋጋ እንደሚጠይቅ እናምናለን። የሚጎድለው ሌላ ነው። በዚያ ዘፈን ውስጥ ፈራጅ አለ፤ በፍርድ ወንበሩ ፊት ስለ እኛ የቆሰለ ግን የለም። አድማጩ በጠላቱ መንበርከክ ረክቶ እንዲወጣ ይተወዋል። እኛ ደግሞ በዚያ ቀን ቀድመን የምንንበረከከው እኛው ራሳችን እንደምንሆን ተምረናል። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፤ በጊታሩ ላይ አይደለም።

የሜታሊካን “ማስተር ኦፍ ፓፔትስ” (እ.ኤ.አ. 1986) ወንድማችን ሦስተኛ አድርጎታል፤ እኛ አንደኛ እናደርገው ነበር። ከሰማናቸው ሁሉ በአሠራሩ የበሰለው እሱ ነው፤ ፍጥነቱና ዝምታው ተመጣጥኗል፣ ከጩኸቱ መካከል ድንገት የሚመጣው ለስላሳ ዜማ ልብ ይነካል። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ዘፈን ስለ ዕፅ ሱስ ነው፤ የሚናገረውም ሱሱ ራሱ ነው፣ ሰውየውን እንደ አሻንጉሊት በክር እየጎተተ። በጫትና በአረቄ የተያዙ ወጣቶችን ለምናገለግል ሰዎች ይህ ሮሜ 6፥16ን የሚያስታውስ ሥዕል ነው። ነጻ አውጪውን አይነግረንም፤ ባርነቱን ግን ሳያቆላምጥ ያሳያል፤ ከመድረክ የምንሰማው አንዳንድ ስብከት ይህን ያህል አይደፍርም። በዚሁ አልበም ውስጥ በቴሌቪዥን እየሰበኩ ገንዘብ በሚሰበስቡ አገልጋዮች ላይ የሚያላግጥ ዘፈንም አለ። ተቆጥተን ልንዘጋው እንችል ነበር። ነገር ግን ውኃና ዘይት የሚሸጡ ነቢይ ነን ባዮችን በየስክሪኑ የሚያይ የሀገራችን ክርስቲያን በዚህ ላይ የሚከራከርበት ፊት ከየት ያመጣል?

የአይረን ሜይደን “ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቢስት” (እ.ኤ.አ. 1982) ስሙ እንደሚያስፈራው አይደለም። ባሲስቱ ስቲቭ ሃሪስ አስፈሪ ፊልም አይቶ ከቃዠው ቅዠት የተነሣ ነው። በጊዜው አሜሪካ ውስጥ አማኞች ሸክላውን ሰብስበው አቃጥለውበታል። ይህ አምልኮ ሳይሆን የተረት ማስፈራሪያ ነው፤ ልጅ ሳለን ማታ ማታ ስለ ጅብና ስለ ቡዳ ይነገረን ከነበረው ብዙም አይርቅም። ቢሆንም በራእይ 13 ነገር መጫወት ለነፍስ አይበጅም፤ ለወንድማችን አንመክረውም። (ሙዚቃን ወደ ኋላ ሲያጫውቱት የሰይጣን መልእክት ይሰማል የሚለውን ወሬ ግን እንተወው። በ1990 ጁዳስ ፕሪስት የተባለው ባንድ በዚህ ሰበብ አሜሪካ ውስጥ ተከስሶ ፍርድ ቤቱ ነጻ አውጥቶታል። ወደ ፊት ሲጫወት የሚለውን መስማት ይበቃናል።)

ከዝርዝሩ መጨረሻ፣ ጥያቄ ምልክት ተደርጎበት፣ “አስከ” የሚባል አጭር አልበም አለ፤ የኖርዌዩ ቡርዙም ሥራ ነው። ስሙ በኖርዌይኛ “አመድ” ማለት ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1992 የተቃጠለው የፋንቶፍት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ነው። ሙዚቃውን የሠራው ሰው በ1994 ሰው በመግደልና ሌሎች አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠል ተፈርዶበታል። በዚህ ላይ ረጅም ትንታኔ አንጽፍም። የአምልኮ ስፍራ፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሁን መስጊድ፣ ሲቃጠል ምን እንደሚመስል ሀገራችን ታውቃለች። ወንድማችን ሆይ፣ ይህን አጥፋው።

ክርስቲያን ሜታልም በዝርዝሩ አለ። ስትራይፐር የተባለው ባንድ ስሙን የያዘው ከኢሳይያስ 53፥5 ነው፤ በመድረክ ላይ ሆኖ አዲስ ኪዳን ወደ ሕዝቡ ይወረውር ነበር። የ1986ቱ አልበሙ ከሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ እንደ አልበም ግን ከሜታሊካ ጋር አይወዳደርም፤ “ክርስቲያን ስለሆነ ይሻላል” ማለት ለዘማሪዎቻችንም አይጠቅምም። ድል፣ ድል፣ ድል ይላል። በውስጡ የሚያለቅስ ሰው አላገኘንበትም።

ወንድማችን በወረቀቱ ግርጌ የጻፈው ጥያቄ ከደረጃዎቹ ሁሉ ከብዶናል፦ “ፓስተር፣ ለምንድን ነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲህ መጮህ የማይቻለው?” ከመዝሙረ ዳዊት ሲሶ ያህሉ እሮሮ ነው። መዝሙር 88ን የጻፈው ሄማን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጮኻል፤ መዝሙሩም የሚዘጋው በጨለማ ነው፣ ምስጋና እንኳ አልተጨመረበትም። ሰቆቃወ ኤርምያስ ስለ ፈረሰች ከተማ የተጻፈ ነው። ዛሬ በእኛ አዳራሾች የሚዘመሩትን ቁጠሩ፦ በር ተከፈተ፣ ዘመኔ መጣ፣ ጠላቴ ወደቀ። ጥሩ ነው። ግን ወንድሟን በ2013 ያጣች እህት በዚያ ዝማሬ መካከል የት ትቁም? የወሎ እናቶች ለሙታናቸው ሙሾ ያወርዱ ነበር። ወንጌልን ስንቀበል ሙሾውን ተውን፤ በምትኩ የሚለቀስበት ዜማ አልተሰጠንም። ጳውሎስ ያለው ተስፋ እንደሌላቸው አትዘኑ ነው እንጂ አትዘኑ አይደለም (1 ተሰ. 4፥13)።

ይህ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት ያህል የታሰረው ተስፋዬ ጋቢሶ እስር ቤት ሆኖ የደረሳቸው መዝሙሮች በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ዞረዋል። በእነዚያ ውስጥ ሕመም አለ፣ ጥያቄ አለ፣ አልለይህም የሚል ግትርነት አለ። ጊታሩ ለስላሳ ነው፤ ቃሉ ግን ብረት ነው። ወንድማችን በሜታል ውስጥ የሚፈልገው ክብደት እዚያ አለ፤ ስለዚህ በፍላሹ ላይ እነሱን ጭነን መልሰንለታል፣ ደረጃ እንዲሰጣቸውም ጠይቀነዋል።

ሌላም ነገር ለምነነዋል። ጊታር ይጫወታል። መዝሙር 88ን፣ ከነጨለማው፣ በራሱ ቋንቋ ጽፎ ዜማ ያውጣለት፤ አምባሰል ላይ ይሁን ባቲ ላይ ምርጫው የእሱ ነው፤ ጊታሩም የፈለገውን ያህል ይጩኽ። ከአዳራሹ ሽማግሌዎች ጋር የምንነጋገረው እኛ ነን። የዚያን ቀን መርሳ መብራት ከጠፋም ጀነሬተር እናፈላልጋለን።