መስኮቱን ክፈቱት
ከሸጎሌው ታዛቢ

ሐምሌ ሲገባ ሸጎሌ ላይ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል እንጂ ልጁ ቤት አይውልም። ከፊሉ ማጠናከሪያ ይገባል፤ ከፊሉ ሥዕልና ሙዚቃ እናስተምራለን ወደሚሉት «ሰመር ካምፕ» ይላካል። ስሙ ካምፕ ይባል እንጂ ሜዳ የለውም፤ የተከራየ መኖሪያ ቤት ሳሎን ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው። በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ልጆቹ ተፋፍገው ይሳሳላሉ።

ባለፈው ክረምት የእህቴን ልጅ ለመውሰድ ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቼ ነበር። መስተዋቱ በትንፋሽ ላቦ አንዱ ሕፃን በጣቱ ቤት ሥሎበታል። በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ በርሜል፣ ግድግዳው ላይ «እጃችንን እንታጠብ» የሚል ጽሑፍ አለ። «መስኮቱን ትንሽ ብትከፍቺውስ?» አልኳት መምህርቷን። «ኧረ ጋሼ፣ ብርድ ይመታቸዋል!» አለችኝ። አልፈርድባትም። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን።

ብርድ ብቻውን ግን ጉንፋን አይሰጥም። ጉንፋንን፣ ኢንፍሉዌንዛንና ኮቪድን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ከታመመው ልጅ አፍና አፍንጫ ወጥቶ በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ ይንሳፈፋል። የኩፍኝ ቫይረስማ የታመመው ልጅ ከወጣ በኋላም እስከ 2 ሰዓት ድረስ ክፍሉ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። እጅ መታጠቡ ይቀጥል፣ ይጠቅማል። ትንፋሽ ግን በሳሙና አይታጠብም።

ይህን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። ኅዳር 1911 በኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ 10 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ትዝታው በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን የምንታጠንበት ልማድ ነው (ሳንባ በጨረሰ በሽታ ስም ሳንባ ማጨስ፣ ይህ ሌላ ቀን የምመለስበት ነው)። በቅርቡም፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በተገለጸ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ናሙናው የተመረመረው እዚሁ ጉለሌ፣ ፓስተር ባለው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ትምህርት ሲጀመር ልጆቹ በፈረቃ፣ ተራርቀው፣ አፍንጫቸውን ሸፍነው ተቀመጡ። ከዚያ ሁሉ የተረፈን ያ በርሜልና በር ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ብቻ ነው።

ከመስኮቱ የሚከብደው ሌላ ነው። እናት ልጇ እንዳተኮሰው እያወቀች ለምን ትልከዋለች? ጠዋት የትኩሳት ሽሮፕ ሰጥታው ስታመጣው በር ላይ የሚለካው ሙቀት ደህና ነው፤ ትኩሳቱ የሚመለሰው ረፋድ ላይ፣ እሷ ሥራ ከገባች በኋላ ነው። ይህን ግድየለሽነት የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81ን ያነበበ ሰው ይገባዋል፦ ልጅ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቀዳል። ልጅ ሲታመምስ? በስም የተጠቀሰ ነገር የለም፤ ያለው ከባድ ነገር ለገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ለቀብሩ ደመወዝ ተከፍሎ ለማስታመሙ የማይከፈልበት አዋጅ መታረም አለበት። ጉሊት ለምትውለዋ እናት ደግሞ አዋጁም አይደርሳትም።

እስከዚያው ካምፖቹ ራሳቸው የሚያደርጉት አለ። እኔ የማውቃቸው ክፍያውን የሚቀበሉት ለወር ነው፤ ልጁ ቢቀር ገንዘቡ ቀለጠ። እንግዲህ ከፍላ ለምን ታስቀረዋለች? «ትኩሳት ይዞት ቤት የዋለበት ቀን በሌላ ቀን ይካካሳል» የሚል አንድ መስመር በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ቢገባ ከሙቀት መለኪያው የበለጠ ይሠራል።

ወላጆችም የክትባት ካርዱን አውጥተን እንየው። የሳንባ ምች ክትባት ከ2004 ጀምሮ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ልጅ ግን ለካምፕም ለቤትም አይሆንም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አንቺም መምህርት፣ ዘንድሮ መስኮቱን ክፈቺው። ሹራቡን እኛ ደርበን እንልካቸዋለን።