ወረቀት የያዘውን አይለቅም

የደሴና የኮምቦልቻ እኩዮቼ፣ አበጋሮች፣ የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ የመስጊድና የደብር አባቶች፣ ቤት ያቆማችሁ እናቶች፤

ስለ ፋይዳ መታወቂያ ላስጠነቅቃችሁ ነው የጻፍኩት። ብዙዎቻችን የአሥር ጣታችንን አሻራ ሰጥተናል፣ ዐይናችንንም ለካሜራው ገልጠናል። ያልሰጠነውም ነገ እንሰጣለን፤ ባንኩም ስልኩም እየጠየቀ ነውና። ጉዳዩ ግን በእኛ ጣት አያበቃም። ሕዝቡን ቀስቅሱ እንባላለን። ወረቀት ለሌለው መስክሩለት እንባላለን። የዕድራችሁን መዝገብ ይዛችሁ ኑ የምንባልበትም ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ የምንመልሰውን ዛሬ ካልተነጋገርንበት በር ላይ በቆመ ሰው ፊት አናገኘውም።

አትመዝገቡ አልልም። በ2014ቱ ጦርነት ቤቱ ተዘርፎ የልጆቹን የክትባት ካርድ፣ የቤቱን ካርታ፣ የጡረታ ደብተሩን ያጣ ሰው ከመካከላችን ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ማንነቱን የሚመልስለት ቁጥር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ፋይዳ ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም፤ ይህም የሚመሰገን ነው። የድሮው የቀበሌ መታወቂያ በየከተማው ብሔር የሚል መስመር እንደነበረው፣ በዚያ መስመር የተነሳም ስንቱ እንደተንገላታ እናውቃለን። ደግሞስ ወሎ ውስጥ የአባትና የልጅ ስም አይቶ ይህ እስላም ነው፣ ያ ክርስቲያን ነው ብሎ መለየት የሚችል የት አለ? ነገሩን በደግ ጎኑም አይቼው ነው የምናገረው።

የምፈራው መዝገቡ የተጻፈበትን ምክንያት ትቶ ለሌላ ሥራ ሲውል ነው። ይህን ከእኛ ትውልድ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ቀበሌ እንዴት እንደጀመረ አስታውሱ። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ፣ ቀበሌ የኪራይ ቤት ሊያስተዳድር፣ የጎረቤት ጠብ ሊዳኝ ነበር የተቋቋመው። ከዚያ የቀበሌ ሱቅ መጣ። ስኳር፣ ሳሙናና ዘይት ለማግኘት ካርድ ወሰድን። ካርዱ ላይ የአባወራው ስም፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የልጆች ስምና ዕድሜ በተርታ ይጻፋል። አንዳንዶቻችን ኮታው ከፍ እንዲልልን ልጅ ጨምረን አስጽፈናል፤ የሚቀንስ አልነበረም። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 236 ወጣና ዕድሜው ከ18 እስከ 30 የሆነ ወጣት ሁሉ ተፈለገ። ቀበሌ ኮታ ተጣለበት። ሊቀመንበሩ ማንን እንደሚጠራ ማጠያየቅ አላስፈለገውም፤ የስኳሩን መዝገብ ገልጦ ዕድሜው የደረሰውን በቀይ እስክሪብቶ አሰመረበት። እናት ለአንድ ኪሎ ስኳር ብላ በገዛ አፏ የተናገረችው ዕድሜ ልጇን ወደ ሰሜን ግንባር ወሰደባት። ስሙን ስታስጽፍ ይህን አልነገሯት። ስሙን የጻፈው የቀበሌ ጸሐፊም የዚያን ዕለት አላወቀውም።

የ1977ቱ ደግሞ የባሰ ነበር። ድርቁ ሲጠና ገበሬው እህል ፍለጋ ወደ እርዳታ ጣቢያ ወረደ፣ ስሙንም ለስንዴ አስጻፈ። በዚያው ሰሞን ሰፈራ ተጀመረና ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጓጓዘ፤ አብዛኛው ወሎዬ ነበር። ወዶ የሄደ ነበር፤ ታፍሶ የተጫነም ነበር። ወሬው በየገደሉ ሲዳረስ ሰው ከስንዴው ሸሸ። እየተራበ መዝገቡን ፈርቶ ቤቱ የቀረ፣ እዚያው ያለቀ አለ። የፈረንሳዩ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ይህን በአደባባይ በመናገሩ በ1978 ከአገር ተባረረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለውን ተረት እኛ በልጅነታችን ሰምተነው፣ በጉልምስናችን ኖርነው።

“ያ ደርግ ነው፣ አለፈ” የሚል ይኖራል። ደርግ ሲያልፍ ልማዱ መች አለፈ? በኢሕአዴግ ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚቆጥርበት አንድ ለአምስት መጣ። ስልክ ሲስፋፋ ጆሮውም ተስፋፋ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ባወጣው ዘገባ የደኅንነት ሰዎች የሰውን የስልክ ጥሪ ዝርዝር ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚያገኙ፣ የተቀዳ ንግግር በምርመራ ላይ ለታሳሪው እንደሚያሰሙ የተጠየቁት ሰዎች መስክረዋል። በ2007 መጨረሻ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ድርጅት ሰነዶቹ ሲዘረፉ የኢትዮጵያ መንግሥት የስለላ ሶፍትዌር ደንበኛው እንደነበረ ዓለም አነበበ። ሲቲዝን ላብ የሚባለው የካናዳ የምርምር ተቋምም በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎች ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ ማነጣጠሩን ደጋግሞ አሳይቷል። ያን ጊዜ አዋጅም ነበረ፣ ሕገ መንግሥትም ነበረ።

ከሁሉ በላይ ግን የራሳችንን ከተማ እናስብ። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ድረስ፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ገቡ፣ ተመልሰውም ወጡ። የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች እንደተከፈቱ ቀሩ፤ ሆስፒታላችን ሳይቀር ተዘረፈ። በዚያ ሰሞን የሚሊሻ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ መታወቂያውን በላስቲክ ጠቅልሎ ጓሮ የቀበረ፣ ምድጃ ውስጥ የጨመረ ሰው ታውቃላችሁ። ትናንት ደመወዝ ያስከፈለው ወረቀት በአንድ ሌሊት የሚያስገድል ሆነ። አዲስ አበባ ደግሞ ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ትግራዋይ ወገኖቻችን በገፍ ሲታሰሩ፣ እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በስጋት ተናገረ። ዓመት ዞሮ ተራው የእኛ ሆነ። ከደሴ የተነሳ አውቶቡስ ሸኖና አሌልቱ ላይ ቆሞ፣ የአማራ ክልል መታወቂያ የያዘው ውረድ፣ ተመለስ ተባለ። ለሕክምና የሚሄድ ሕመምተኛ፣ ለቪዛ ቀጠሮ የሚቸኩል ልጅ ደብረ ብርሃን ላይ ያደረው ስንቱ ነው? በሌላው ላይ ሲደርስ ዝም ያለው ሁሉ ተራው ሲደርሰው የሚጮኽለት አጣ።

የዛሬው ከትናንቱ የሚለየው በመጠን ነው። የቀበሌው መዝገብ አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አይጥ ይበላው ነበር፤ ጸሐፊው ሲሻር ይጠፋል፣ ጣራው ሲያፈስ ይረጥባል፤ በዚያ የተነሳ የተረፈ ሰው አለ። የፋይዳ 12 ቁጥር ግን አይረጥብም። ብሔራዊ ባንክ የባንክ ሒሳብ በፋይዳ እንዲሆን አዟል፤ ሲም ካርዱም ከቁጥሩ ጋር እየታሰረ ነው። በታኅሣሥ 2016 የዓለም ባንክ ለዚሁ ሥራ 350 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ገንዘባችን የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደተነጋገርን፣ የት እንደታከምን በአንድ ቁጥር ሥር የሚሰበሰብበት ቀን ሩቅ አይደለም። ያ ሲሆን አንድን ሰው ከኑሮ ለማውጣት ወታደር መላክ አያሻም፤ ቁጥሩን መዝጋት ይበቃል።

ኔትወርኩንም አትርሱ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መያዝንና መፈተሽን ፈቅዶ፣ ተራዝሞም አሥር ወር ቆየ። የሞባይል ኢንተርኔትም ተዘግቶ ከረመ። ማንነታችን በኔትወርክ የሚረጋገጥ ከሆነና ኔትወርኩን የሚዘጋው ያው ማንነታችንን የሚጠይቀው አካል ከሆነ፣ እንዲያ ባለ ጊዜ የገዛ ገንዘባችንን ለማውጣት ማን ነን እንላለን?

ሕግ የለም አልልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ወጥተዋል። ሁለተኛው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል ይላል፤ ይህ አንድ ቃል በ1975 ቢኖርና ቢከበር ስንት ልጅ በቤቱ ባደረ! ነገር ግን ሕጉን እንዲጠብቅ የተሾመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። መንግሥት በመንግሥት ላይ ሲፈርድ ደግሞ ስንቴ አይተናል?

ሌላው ዓለም ይህን ነገር ዝም ብሎ አልተቀበለውም። የፋይዳ ሶፍትዌር ከሕንድ የመጣ ነው። እዚያው ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 አድሀር የተባለውን መታወቂያ ለመንግሥት ድጎማና ለግብር ፈቅዶ፣ ለባንክ ሒሳብና ለሞባይል ግን ማስገደድ አይቻልም ብሎ ፈረደ። እኛ ሶፍትዌሩን ስናመጣ ፍርዱን እዚያው ትተነዋል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2020 ሁዱማ ናምባ በተባለው ምዝገባ የሰው ዘረመልና የመኖሪያ ቤቱ የጂፒኤስ አድራሻ እንዳይሰበሰብ ከለከለ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ ካርዱ በሰው መብት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ አልተጠናም ብሎ ሥራውን ሕገ ወጥ አለው። ሩዋንዳ ውስጥ ግን ብሔር የተጻፈበት መታወቂያ ቤልጂጎች ሲያድሉ ለአስተዳደር ነው ያሉት። እ.ኤ.አ. በ1994 በየኬላው የሚሞተውና የሚያልፈው በዚያው ካርድ ተለየ። ካርዱን ያደሉት ሰዎች ያን ጊዜ ከአገሩ ከወጡ 30 ዓመት አልፏቸው ነበር።

እንግዲህ እኛስ? አዲስ አበባ ያለውን ኮምፒውተር የምናዝዝ አይደለንም። በእጃችን ያለ ግን አለ፤ እሱም የዕድር መዝገብ፣ የመስጊድና የሰበካ ጉባኤ ዝርዝር፣ የዕቁብ ደብተር፣ ለሴፍቲኔትና ለስንዴ ስንፈርም የምናቀርበው የተረጂ ስም ነው። ሸዋበርም ሆነ ፒያሳ፣ አራዳም ሆነ ኮምቦልቻ ፋብሪካው አካባቢ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ ቤቱ እንደሌለ ከእኛ ደብተር የተሻለ የሚያውቅ የለም። ማሽኑ ብሔር ባይጠይቅም ያ ደብተር ከጎኑ ከተቀመጠ ሁሉን ይነግረዋል። ስለዚህ እነዚህን ነገሮች አደራ እላችኋለሁ።

የዕድር መዝገብ ለቀብርና ለእዝን ነው። ከዚያ ውጭ ማንም ቢጠይቅ፣ ካድሬም ይሁን ታጣቂ፣ ከተማውን የያዘውም ይሁን ጫካ ያለው፣ ዓላማውን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይምጣ በሉ። ደብዳቤው ከመጣ ብቻችሁን አትወስኑ፤ ለዕድርተኛው አንብቡለት፣ የሕግ ባለሙያም አማክሩ። የምትሰጡ ከሆነ የተጠየቀውን ብቻ ስጡ፣ የሰጣችሁትንም ጽፋችሁ ያዙ።

ለፋይዳ ስትመሰክሩ የምታውቁትን ብቻ መስክሩ። ለማታውቁት ሰው መፈረምም፣ የምታውቁትን በሰፈሩ ወይም በስሙ የተነሳ መከልከልም ሁለቱም ኃጢአት ነው። ከትግራይ ወይም ከኦሮሚያ መጥቶ አብሮን ለኖረ ጎረቤት ለመመስከር ቀድመን እንነሳ።

በቁጥር የተነሳ ማንም እንዳይገፋ ቁሙ። አንዲት የኮምቦልቻ እናት መመዝገቢያው ላይ አሻራዋን ስትሰጥ አየሁ። መዝጋቢው ልጅ ጣቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ መስታወቱ ላይ ይጫናል፣ ማሽኑ ቀይ ያበራል፤ እንደገና ይጠርጋል፣ እንደገና ቀይ። ዕድሜ ልኳን ድንጋይ ተሸክማ፣ እንጨት ሰብራ አሻራዋ ተልጦ አልቋል። ልጁ ጨዋ ነበርና በዐይኗና በፊቷ ጨረሰላት። ልጁ ባይታገሣትስ? ጣቷ አልነበበም ተብላ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት ወይም የሴፍቲኔት ብር የምትከለከል እናት ካለች አብረናት ሄደን እንጠይቅ፤ ካልሆነም ለእምባ ጠባቂና ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታውን በጽሑፍ እናስገባ።

ለልጆቻችንም እንንገራቸው። በስማቸው የወጣ ሲም ለማንም አይስጡ፤ የፋይዳ ቁጥራቸውን ፎቶ አንስተው ለደላላና በቴሌግራም ለማያውቁት ሰው አይላኩ። የ1975ቱንና የ1977ቱን ከእኛ ካልሰሙ ከማንም አይሰሙትም። ብዙዎቻችን ለልጅ አይነገርም ብለን ዝም አልን፤ ዝምታችን ደግሞ አላወቁም እየተባለ መነገጃ ሆኗል።

ቀስቅሱ ብለው በሚጠሩን ስብሰባ ላይ ደግሞ እጃችንን አውጥተን እንጠይቅ። ይህን መረጃ ፖሊስና ደኅንነት በማን ፈቃድ ያያል? ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያየ ማን ይቀጣዋል? ነገ ሌላ መንግሥት ቢመጣ፣ ወይም ከተማው በሌላ እጅ ቢገባ፣ መረጃው ምን ይሆናል? መልሱ ይጻፍልን፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን እንበል። ካልመለሱልን ጥያቄው ብቻውን ይመዝገብ፤ ወረቀት የያዘውን የማይለቅ ከሆነ የእኛንም ጥያቄ ይያዝ። ይህን ስትጠይቁ ፀረ ልማት የሚላችሁ፣ የእገሌ ደጋፊ የሚላችሁ አይጠፋም። በዚህ ዕድሜያችን ስድብ ምን ይቀንስብናል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። እኛ አንዴ በስኳር፣ አንዴ በስንዴ ተመንጥረናል። ሦስተኛውን አይተን ዝም ካልን አላወቅንም ብለን የምናመካኝበት የለንም፤ ልጆቻችን ሲጠይቁንም፣ ነገ በፈጣሪ ፊት ስንቆምም።