ጀማሪውን አትደልሉት!

«ፖከር በኢንተርኔት ከለመድክ ምን ትጠብቃለህ? ካዚኖ ግባና ክበር!» እያሉ ጀማሪውን ለሚገፋፉ ሁሉ ጥያቄ አለኝ። ለመሆኑ ምስክራችሁ ማን ነው? መቼም ክሪስ መኒሜከርን ትጠራላችሁ። እውነት ነው፣ ሰውየው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 መቶ ዶላር ባልሞላ የኢንተርኔት መዋጮ 10 ሺህ ዶላር የሚያስከፍለውን የላስ ቬጋስ ውድድር ገብቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር አፈሰ። ግን እኮ ተወዳዳሪዎቹ 839 ነበሩ! ባዶ እጃቸውን ስለወጡት ብዙዎች ለምን ትንፍሽ አትሉም?

እኔ የምለው ይህን ነው። ቤቱ ተቀምጦ በሳንቲም የሚለማመድ ሰው፣ የአሜሪካ ካዚኖ ሲገባ ትንሹ ጠረጴዛ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ መቶ ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቀዋል። ካዚኖው ደግሞ በፖከር ከማንም ጋር አይጫወትም፤ ማንም ያሸንፍ ማን፣ ከተቆለለው ገንዘብ ድርሻውን ይቆርጣል፤ አለዚያም በሰዓት ያስከፍላል። ካርድ አዳዩም ጉርሻውን ይጠብቃል። ታዲያ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ሲጋፈፉ ሳይከስር የሚያድረው ማን ነው? ባለቤቱ!

ኢንተርኔቱም ያው ቆራጭ ነው፤ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል? ቢያንስ ሂሳቡን ለጀማሪው ንገሩት። ካልነገራችሁት ግን መካሪ ሳትሆኑ ደላላ ናችሁ!