የጥርስ ሳሙና ነጋዴ ቱቦውን ገልብጦ ያንብብ

የለስላሳ መጠጥ ገበያ በደራ ቁጥር አብሮት ሊደራ የሚገባው ሌላ ገበያ የጥርስ ሳሙና ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስኳር ብቻ የሚመስለው ነጋዴ ግን ብዙ ነው። ስኳር ጥርስን የሚጎዳው በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በልተውት አሲድ ሲያመርቱ ነው። ኮላና የሎሚ ወይም የብርቱካን ጣዕም ያላቸው ለስላሳዎች ግን አሲዱን ይዘው ነው የሚመጡት፤ ባክቴሪያ አይጠብቁም። "ስኳር አልባ" ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ፎስፎሪክ ወይም ሲትሪክ አሲዱ አብሮት ስለሚኖር ከዚህ ነጻ አይደለም።

የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ውጫዊ ልባጥ ከ5.5 ገደማ በታች መሟሟት ሲጀምር፣ ኮላ 2.5 አካባቢ ላይ ይገኛል። ልኬቱ በአሥር እጥፍ የሚራመድ በመሆኑ የሦስት ቁጥር ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። ኢናሜል ደግሞ ሕይወት ያለው ሕዋስ ስለሌለው እንደ ጥፍር ተመልሶ አያድግም። በሒሳብ ሠራተኛ ቋንቋ እንናገር ከተባለ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ብቻ የሚመዘገብለት ቋሚ ንብረት ነው።

መከላከያው አለ፤ ነገር ግን ሁሉም ቱቦ ውስጥ አይደለም። ተራው ሶዲየም ፍሎራይድ ለጥርስ መቦርቦር የታወቀ መድኃኒት ቢሆንም፣ ከመጠጥ በቀጥታ የሚመጣን ብርቱ አሲድ የመቋቋም አቅሙ ውስን ነው። ስታነስ ፍሎራይድ የተሻለ ይሠራል፤ ምክንያቱም ውስጡ ቲን የተባለው ብረት አለ። ቲን ማለት የቲማቲም ድልህ ጣሳ በአሲድ እንዳይበላ ውስጡ የሚለበጥበት ብረት ነው፤ ጥርስም ላይ ተመሳሳይ ስስ ሽፋን ይሠራል። በዚህ ላይ ፖሊመር ሲጨመር ሽፋኑ ይጠናከራል። ፖሊመር የረጅም ሰንሰለት ሞለኪውል ነው። ለምሳሌ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣው ካይቶሳን ጥርስ ላይ የመለጠፍ ጠባይ አለው። በአውሮፓ ኤልሜክስ በሚል ስም ከሚሸጡት ሳሙናዎች አንዱ ፍሎራይድን፣ ቲንንና ካይቶሳንን ባንድ ላይ የያዘ ሲሆን፣ በላቦራቶሪና በሰው አፍ ውስጥ በተካሄዱ ሙከራዎች ከተራው የፍሎራይድ ሳሙና የተሻለ ውጤት አሳይቷል።

እኛ ዘንድ ሱቅ ገብቶ የጥርስ ሳሙና የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ምንድነው? "የሚያነጣውን ስጠኝ" ነው። ማንጪያ ተብለው የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ሸካራ መፋቂያ ዱቄት የበዛባቸው ናቸው፤ አሲድ ያለሰለሰውን ኢናሜል በእነሱ መፈግፈግ ጉዳቱን ያባብሳል። ገዢው ቱቦው ውስጥ ያለውን ማየት አይችልም፤ የሚያየው ዋጋውንና ሥዕሉን ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይህንኑ ነበር፤ ገዢው ጥራት መለየት ካልቻለ መጥፎው ዕቃ ደኅናውን ከገበያ ያስወጣዋል።

መቼም ነጋዴያችን ይህን ሲያነብ "እንግዲያው 'ከአሲድ ይከላከላል' ብዬ ልለጥፍበት" ማለቱ አይቀርም። ቀስ ይበል! ስሚዝክላይን ቢቻም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ራይቢና ቱዝካይንድ የሚል መጠጥ ለገበያ አቀረበ። ካልሲየም ተጨምሮበት አሲድነቱ የተቀነሰ በመሆኑ የብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ሳይቀር ድጋፉን ሰጥቶት ነበር። የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው ግን የመጠጡ ማስታወቂያ ጥርስን የሚጠቅም ያስመስለዋል፣ ሸማቹን ያሳስታል ሲል ወሰነ። ኩባንያው ተሟገተ፤ በጥር 2001 እ.ኤ.አ. ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክርክሩን ውድቅ አደረገበት። የዕቃው መሻሻል እውነት ነበር፤ ያስጠየቀው የተጋነነው ቃል ነው። የእኛም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

እዚህ ላይ የስምጥ ሸለቆን ነገር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ወንጂና ዝዋይን ለሚያውቅ ሰው ፍሎራይድ ማለት የቡናማ ጥርስ ምክንያት ነው፤ በአካባቢው ያሉ በርካታ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 1.5 ሚሊግራም ብሎ ካስቀመጠው ወሰን ያልፋሉ። ስለዚህ "ፍሎራይድ የሌለበት" የሚል ቱቦ እዚያ ቢቀርብ ገዢ አያጣም። ነገር ግን ያንን ጉዳት የሚያመጣው በልጅነት፣ ጥርስ ገና ሲሠራ፣ በየቀኑ የሚዋጠው ውኃ ነው። የአዋቂ ሰው ሳሙና ተቦርሾበት የሚተፋ ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሳሙና ለሚውጡ ሕፃናት ነው፤ ለእነሱም ጥቂት ቀብቶ እንዲተፉ ማስተማር ይገባል። ሁለቱን አደባልቆ ፍራቻን መሸጥ ንግድ አይደለም።

የእኔ ትልቁ ጥያቄ ግን የሚመለከተው መንግሥትን ነው። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ የጥርስ ሳሙና የሚገኘው ምዕራፍ 33 ላይ፣ ከሽቶና ከመዋቢያ ጋር ነው፤ መድኃኒቶች ምዕራፍ 30 ላይ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ1,000 እስከ 1,500 ፒፒኤም ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ከየትኛው ጎራ ይቆጠራል የሚለው ተራ የወረቀት ጉዳይ አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በ38 የዕቃ ዓይነቶች ላይ የውጭ ምንዛሪ ሲከለከል ሽቶና መዋቢያ ከታገዱት መካከል ነበሩ። እገዳው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ቢነሳም፣ የምንዛሪ ነገር እንደገና ሲጠብብ የሽቶ ጎረቤት የሆነ ዕቃ ምን እንደሚደርስበት አስመጪዎች አያጡትም። ፍሎራይዱ ከ1,000 ፒፒኤም በላይ ለሆነ ሳሙና የተለየ የቀረጥ መስመር መክፈት የሚከብድ አይመስለኝም፤ አስመጪው ከሽታው ይልቅ ይዘቱን እንዲያይ ያደርገዋል።

እስከዚያው አስመጪው ከአቅራቢው ዋጋ ሲጠይቅ ሦስት ነገር አብሮ ይጠይቅ፤ ፍሎራይዱ ስንት ፒፒኤም ነው፣ ሶዲየም ነው ወይስ ስታነስ፣ ፖሊመሩስ ጥርሱን ለመሸፈን የገባ ነው ወይስ ሳሙናውን ለማወፈር ብቻ? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስል፤ ማወፈሪያ የሌለው የጥርስ ሳሙና የለምና አንዳንድ አቅራቢ ያችኑ ማወፈሪያ "ፖሊመር አለበት" ብሎ በተጨማሪ ዋጋ ሊሸጥለት ይችላል።