ቅባቱን ተዉት፤ እንቅልፍ ስጧት!

"ከወለድኩ ወዲህ ፀጉሬ ይረግፋል፤ የትኛውን ቅባት ልግዛ?" እያላችሁ ለምትጠይቁኝ እናቶች መልሴ አንድ ነው፦ ምንም አትግዙ።

በእርግዝና ወቅት ሆርሞን ፀጉር እንዳይረግፍ ያቆየዋል። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲቀንስ፣ የቆየው ፀጉር ከ2ኛው እስከ 4ኛው ወር ባለው ጊዜ አንድ ላይ መርገፍ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ዓመት ሲሞላው ይመለሳል። ሻጮች የሚነግዱት በዚህ ነው፤ በራሱ ጊዜ የበቀለውን ፀጉር "ቅባታችን አበቀለው" ይላሉ።

ከባድ ጭንቀትም ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ፀጉር ያረግፋል። ቤተሰቡስ ምን ያደርጋል? እናትን ለ40 ወይም ለ80 ቀን ይንከባከባትና ከክርስትናው ማግስት ምጣዱንም ሕፃኑንም ለብቻዋ ይተውላታል። ፀጉሯ መርገፍ የሚጀምረው ደግሞ ያኔ ነው!

አባቶች፣ የቅባቱን ብር ተዉትና ሌሊት ሕፃኑን ተቀበሏት። እንቅልፍ የወሊዱን መርገፍ አያስቀርም፤ በላዩ ላይ የጭንቀት መርገፍ እንዳይደረብ ግን ይረዳል።

ፀጉሯ ቦታ ለይቶ ከተመለጠ፣ ድካም ከበዛባት ወይም መርገፉ ዓመት ካለፈው ትመርመር፤ የደም ማነስ ወይም የታይሮይድ ችግር ሊኖር ይችላል።

ይህን ለባሎች ሼር አድርጉ።